"ምንም የለም፣ ሳር ነው"፦ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ደረቅ የሳር መሬትን ማጥናትና መጠበቅ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ፣ ሐረጎ ላይ ሚኒባሱ ማርሽ ቀንሶ ማቃሰት ሲጀምር በመስኮት እዩ። ባሕር ዛፍ አለ። እርከን አለ። ማሳ አለ። በመካከላቸው ደግሞ ማንም ስም የማይሰጠው መሬት አለ። ድንጋያማ ነው፣ ዳገት ነው፣ በበጋ ቢጫ ይሆናል። አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው "እዚያ ላይ ምን አለ?" ብትሉት "ምንም የለም፣ ሳር ነው" ይላችኋል።

እኔም እንደዚያው ስል ኖሬያለሁ፤ ያውም ባዮሎጂ እያስተማርኩ። አንድ መስከረም ላይ ግን ከተማሪዎቼ ጋር ጦሳ ተራራ ግርጌ 1 ሜትር በ1 ሜትር ቦታ ከልለን፣ በውስጡ ስንት ዓይነት ተክል እንዳለ ልንቆጥር ተንበረከክን። "አሥር ደቂቃ ይበቃናል" ብዬ ነበር። የቡና ሰዓት አለፈ። የደብተሩ ገጽ ሞልቶ ወደ ጀርባው ገለበጥን።

ይህ በዓለም ደረጃም የታወቀ ነገር ነው። ሩማኒያ ውስጥ በ10 ካሬ ሜትር ከፊል ደረቅ የሳር መሬት 98 የዕፅዋት ዓይነት ተቆጥሯል። አርጀንቲና ተራራ ላይ ደግሞ በ1 ካሬ ሜትር 89። በትንሽ ቦታ ላይ ከሆነ የሳር መሬት ከጥቅጥቅ ደን የበለጠ ዓይነት ሊይዝ ይችላል። የእኛ ተራሮች ስንት ይዘዋል? ተንበርክኮ የቆጠረ ነው የሚነግረን። ስለዚህ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ከተቆጠረ በኋላም ምን እንደሚደረግ ልንገራችሁ። ለመምህር፣ ለትምህርት ቤት ክበብ፣ ለልማት ሠራተኛ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ ይሆናል።

ደረቅ የሳር መሬት ስል ውሃ የማይተኛበትን፣ አፈሩ ስስ የሆነውን፣ በዝናብ ብቻ የሚኖረውን ማለቴ ነው። እንደ ጨፋ ያለ ረግረግ ሌላ ዓለም ነው፤ እዚህ ውስጥ አላስገባውም።

1. ጊዜውን አትሳቱ

ሳር ያለ አበባ ስሙን አይናገርም። ቅጠሉ ሁሉ አንድ ይመስላል። ዛላው ሲወጣ ነው መለየት የሚቻለው። ስለዚህ ክረምቱ ወጥቶ ማጭድ ከመግባቱ በፊት ያለችውን አጭር ጊዜ መያዝ ያስፈልጋል። በእኛ አካባቢ ይህች ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ናት ብላችሁ ያዙ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ ወደ 2,500 ይጠጋል። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ነገር ግን ቆላ ቀመሱ ቀድሞ ይደርሳል። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ።

የመጀመሪያው ዓመት እኔ በኅዳር ነው የሄድኩት። ሳሩ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ በሬዎቹ ገለባውን እየለቀሙ ነበር። የመቁጠሪያ ክፈፌን፣ ማለትም የሚቆጠረውን ቦታ የምከልልበትን ባለ 1 ሜትር ማዕቀፍ፣ ይዤ ቆምኩ። እረኞቹ ሳቁብኝ፤ እውነታቸውን ነው።

ወሎ በልግም አለው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚዘንበው ዝናብ ከጣለ አንዳንድ ትናንሽ ተክሎች ያኔ ብቻ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። አቅም ካላችሁ በልግ ማብቂያ ላይ አንዴ ተመለሱ።

2. መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ሳር

ባለቤት የሌለው ተራራ የለም። ወል ግጦሽ ይሆናል፣ የወጣቶች ማኅበር የተረከበው ተፋሰስ ይሆናል፣ የአንድ አባወራ ይሆናል። ቀበሌው ዘንድ ሂዱ፣ የልማት ሠራተኛውን አግኙ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሽማግሌዎቹን። ገጠር ላይ "አንተ" ብሎ የሚጀምር ወሬ ወዴትም አይሄድም። "አንቱ" በሉ፣ ሰላምታውን አርዝሙ፣ የመጣችሁበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ "ሳሩን ልንቆጥር ነው፤ መሬቱን ልንለካ አይደለም።" ይህቺ ሁለተኛዋ ሐረግ ወሳኝ ናት። ሜትር የያዘ ሰው ሲያዩ ሰዎች መሬታቸው ሊወሰድ ነው ብለው ይሰጋሉ።

በጁምዓ ስግደት ሰዓትና በገበያ ቀን ቀጠሮ አትያዙ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ የ2014ቱ ጦርነት በእነዚህ ተራሮች ላይ አልፏል። የት መሄድ እንደሚቻል እረኞቹን ጠይቁ። የማታውቁትን ብረት አትንኩ፣ አታንሡ፤ ርቃችሁ ለቀበሌ ተናገሩ።

3. ቦታ ምረጡ፣ ግን አትምረጡ

እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሆን ብላችሁ የተለያዩ ዓይነት ቦታዎችን ምረጡ፦ ከብት ሁልጊዜ የሚግጥበት፣ ለጥቂት ዓመታት የተከለለ፣ በየዓመቱ የሚታጨድ። ከኮምቦልቻ ዙሪያ አንድ፣ ከሐረጎ ዳገት አንድ፣ ከደሴ በላይ አንድ ብትይዙ ከፍታውም ይገባል። የመቃብር ቦታዎችን አትርሱ። የሙስሊም መቃብርና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ብዙ ጊዜ ከብት ስለማይገባበት ጥንት የነበረው ሳር የተረፈበት ቦታ ነው። በእርግጥ እዚያ ለመግባት ፈቃዱ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ግን ክፈፉ የሚያርፍበትን ነጥብ እናንተ አትምረጡ። ዓይን ወደ አበባ ይሳባል። በስልካችሁ ሁለት የዕጣ ቁጥር አውጡ፤ አንዱ ወደ ዳገቱ የምትራመዱት፣ ሁለተኛው ወደ ጎን የምትራመዱት እርምጃ ነው። እግራችሁ የቆመበት ላይ ክፈፉን ጣሉ። እሾህ ላይ ቢያርፍም ያው ነው። ለእያንዳንዱ የቦታ ዓይነት ቢያንስ 5 ድግግሞሽ ይኑር።

4. ክፈፉ

ባለሙያዎች ኳድራት ይሉታል። የኤሌክትሪክ መስመር የሚገባበትን የፕላስቲክ ቱቦ በ1 ሜትር ቆርጣችሁ፣ በማዕዘን መጋጠሚያ አያያዙት። አለቀ። ማዕዘኖቹን አትለጥፏቸው፤ ሚኒባስ ውስጥ ፈትቶ መያዝ ይሻላል።

ከዚህ ትንሽ ክፈፍ ሌላ 10 ካሬ ሜትር የሆነ ትልቅ ክፈፍም ከልሉ፤ ለእሱ ሲባጎና 4 ችካል ይበቃል። እያንዳንዱ ጎን 3.16 ሜትር። ካሬ መሆኑን ለማረጋገጥ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ለኩ፤ 4.47 ሜትር ከመጣ ትክክል ነው። ትንሹን ክፈፍ በትልቁ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ውስጥ አስቀምጡ። ትንሹን ቆጥራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በትልቁ ውስጥ አዲስ የሚመጣውን ብቻ ትጨምራላችሁ።

5. ተንበርከኩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ከላይ ቀጥ ብላችሁ ፎቶ አንሡ። ከዚያ ከአንዱ ማዕዘን ጀምራችሁ በእጃችሁ ሳሩን እየገለጣችሁ ግቡ። ረጅሙን ሰንበሌጥ ስትገልጡ ከሥሩ ማገጥ ታገኛላችሁ፤ ማገጡን ስትገልጡ ከእሱ ሥር ደግሞ ከጥፍር የማትበልጥ ቅጠል ያላት ሌላ ተክል ትኖራለች።

ሳር የመሰለ ሁሉ ሳር አይደለም። ግንዱን በሁለት ጣት መካከል አንከባልሉት። ክብ ሆኖ አንጓ ካለው ሳር ነው። ሦስት ማዕዘን ሆኖ ጣታችሁን ከቆረቆረ የቄጠማ ዘመድ ነው። ቡና ላይ የምንጎዘጉዘውን አስታውሱ። ቀጥሎ ቅጠሉ ከግንዱ የሚለይበትን መጋጠሚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። እዚያ ስስ ልሳን የመሰለች ነገር አለች፤ አንዳንዱ ላይ ሽፋን ናት፣ አንዳንዱ ላይ የጸጉር መስመር ናት። ይህችን በደብተር ያልመዘገበ ሰው በኋላ ስሙን ሲፈልግ ይቸገራል። በ10 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር ካላችሁ እሰየው፤ ከሌላችሁ የስልክ ካሜራ አቅርቦ ያሳያል።

ካልሲያችሁ ላይ የሚሰካውን የሳር ዘር ታውቁታላችሁ። ሄትሮፖጎን ኮንቶርተስ የሚባለው አንዱ ነው። ከካልሲው አንዱን ንቀሉና እዩት፦ ከታች እንደ መርፌ የሾለ ነው፣ ከላይ እንደ ገመድ የተፈተለ ረጅም ጭራ አለው። ምራቅ ቀቡት። ጭራው እየተፈታ ይዞራል። ሲደርቅ ተመልሶ ይጠመዘዛል። እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቁ ዘሩ ራሱን አፈር ውስጥ የሚቀብረው በዚህ መንገድ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ካዩ በኋላ ካልሲያቸው ሲወጋ ማማረር ትተዋል ብል ግን ውሸት ነው።

አንዴ ደግሞ አንዱን ሳር "ሰርዶ" ብዬ ስጽፍ መሶብ የሚሰፉ እናት አጠገቤ ቆመው ነበር። ሰርዶም አክርማ የሚባለው የስፌት ሳርም ዛላቸው እንደ ጣት የተዘረጋ ነው። ሳቅ ብለው "ልጄ፣ ጎትቺው እስቲ" አሉኝ። ጎተትኩት፣ አልነቃነቅ አለ። "ሰርዶ መሬት ለመሬት ይሮጣል። አክርማ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።" የቅጠሉን ጠርዝ ሳየው ነጫጭ የጥጥ ቁርጥራጭ የመሰሉ ጸጉሮች ተለጥፈውበታል፤ አክርማ ነበር። ስፌት ለሚሰፉ ሴቶች ስንደዶና አክርማ የት፣ መቼ፣ በምን ያህል እንደሚገኝ የዕለት ሥራቸው ነው። ከማንኛውም ባለሙያ በፊት እነሱን ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ሽፋኑን ገምቱ። እያንዳንዱ ዓይነት ከክፈፉ ስንት በመቶውን ሸፈነ? በ1 ካሬ ሜትር ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር ማለት 1 በመቶ ነው፤ ጣቶቹን ሳይጨምር የእጅ መዳፍ ለዚያ ይቀርባል። ስለዚህ በመዳፍ ቁጠሩ። ዕፅዋቱ በላይ በላይ ስለሚደራረቡ ድምሩ ከ100 ቢበልጥ አትደንግጡ። በመቶኛ መገመት የከበደው ሰው ብራውን ብላንኬ በሚባለው መለኪያ ይጠቀም፦ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ 1፣ ከ5 እስከ 25 ከሆነ 2፣ እስከ 50 ድረስ 3፣ እስከ 75 ድረስ 4፣ ከዚያ በላይ 5። አንድ ወይም ሁለት እግር ብቻ ላለው የመደመር ምልክት ይበቃል።

ባዶ አፈሩን፣ ድንጋዩን፣ ፋንድያውን፣ የወደቀውን ደረቅ ሳርም ገምታችሁ ጻፉ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ከዓመታት በኋላ ለውጡን ቀድሞ የሚያሳየው ግን ባዶ አፈሩ ነው።

6. ናሙና ማድረቅ

ስሙን ያላወቃችሁትን ሁሉ ከክፈፉ ውጪ ፈልጋችሁ ከነሥሩ ንቀሉ። ከክፈፉ ውስጥ አትንቀሉ፤ በዓመቱ ትመለሱበታላችሁ። ብቻውን የቆመ ከሆነ ደግሞ ፎቶ አንሥታችሁ ተዉት።

አፈሩን አራግፉ፣ ጋዜጣ መካከል ዘርጉት፤ ረጅም ሳር ከሆነ እንደ መጋዝ ጥርስ አጣጥፉት። ከላይና ከታች ካርቶን፣ በላዩ ሁለት ጠንካራ ጣውላ፣ ዙሪያውን ገመድ። ጋዜጣውን በየቀኑ ለውጡ፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹን 4 ቀናት። ደሴ ጭጋግ ስላላት እርጥበቱ ቶሎ አይወጣም። እኔ አንዴ ለሁለት ቀን ሠርግ ሄጄ ስመለስ ግማሹ ሻግቶ ጠበቀኝ።

በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ይኑር፦ የአካባቢ ስም፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢ ስም፣ የአበባው ቀለም። ቀለሙ ሲደርቅ ይጠፋልና ያኔውኑ ጻፉት።

7. ስም

ሁለት ስም ያስፈልጋል። የአካባቢው ስም ለመነጋገር፣ ሳይንሳዊው ለማወዳደር። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ሰንበሌጥ የሚለው ስም ብቻውን ብዙ ዘመዳሞችን ይሸፍናል። ለሳይንሳዊው ስም የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የተዘረዘሩበት ባለ 8 ቅጽ ሥራ አለ፤ የሳር ቤተሰብ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው 7ኛው ቅጽ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛው ከባድ ነው፣ ይለመዳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ደግሞ የደረቁ ናሙናዎች የሚቀመጡበትና የሚነጻጸሩበት ቤት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደሴና ኮምቦልቻ አለላችሁ፤ ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው አይጠፋም።

ማንም የውጭ ተባባሪ "ዘርና ናሙና ላኩልኝ" ቢላችሁ ግን ቆም በሉ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የተጠበቀ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

8. ዝርዝሩ ምን አለ?

ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም። የተከለለውንና የሚጋጠውን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ባዶ አፈር በዝቶ፣ ሰርዶ ብቻ ተለጥፎ፣ እምቧይና ኮሸሽላ ከቆሙበት፣ ከብቱ የሚወደውን ለቅሞ ጨርሶ የማይወደውን ትቷል ማለት ነው። ክትክታና ደደሆ ከሳሩ መካከል እየወጡ ከሆነ ቁጥቋጦው መንገድ ጀምሯል። ፓርቲኒየም፣ ብዙዎቻችን ቅንጬ አረም የምንለው፣ አንድም እግር ካያችሁ ዛሬውኑ ማስታወሻ ያዙ፤ በተለይ ወደ ኮምቦልቻ ዝቅ ስትሉ በመንገድ ዳር።

የድሮ ፎቶም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ1986 ከአየር የተነሡ ፎቶዎችን በማወዳደር የቃሉ ወረዳ ተጠንቶ ነበር፤ በመካከሉ ቁጥቋጦው ሳስቶ ገላጣው መሬትና መኖሪያው ሰፍቶ ተገኝቷል። የቤተሰብ አልበም ውስጥ ከጀርባ ተራራ የሚታይበት ፎቶ ካለም አትናቁት።

9. መጠበቅ

እዚህ ላይ አስተያየቴን ልናገር። ችግኝ መትከል ጥሩ ነው፤ እኔም በየዓመቱ እተክላለሁ። ነገር ግን ሳር ያለበትን ዳገት ሁሉ "ባዶ" ብሎ ጉድጓድ መቆፈር ልክ አይደለም። አንድ ዓመት የቆጠርነው ቦታ ላይ፣ የትኛው አካል እንደሆነ አልናገርም፣ ሳይጠይቁን ባሕር ዛፍ ተክለውበት አገኘነው። ደን ይኖርበት የነበረ ቦታ ላይ ዛፍ ይመለስ። ኮምቦልቻ አጠገብ ባለው የጎፍ ተራራ ላይ ጽድ ይጨመር። አፈሩ ስስ፣ ድንጋዩ ቅርብ፣ ሳሩ ብዙ ዓይነት በሆነበት ግን መጀመሪያ የቁጥር ወረቀታችሁን ይዛችሁ ቀበሌ ግቡና "ይህቺን ተዉልን" በሉ።

ሙሉ በሙሉ አጥሮ መርሳትም መፍትሔ አይደለም። ሳሩ ይረዝማል፣ ደርቆ ይወድቃል፣ ታች ያሉት ትናንሾች ብርሃን ያጣሉ፣ ቁጥቋጦ ይገባል። የሚሻለው ማሳረፍ ነው። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ዘሩ እስኪራገፍ ከብት አይግባ። ከዚያ አጭዶ መውሰድ፣ በመጨረሻም ለአጭር ጊዜ ማጋጥ። ከአጨዳው ላይ አንድ ጥግ ሳይታጨድ ይቅር፣ በየዓመቱ ሌላ ጥግ። የሚታጨደውን ማን ስንት ሸክም እንደሚወስድ ቀድሞ ያልተስማማ ቡድን በጥቅምት ይጣላል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝ ጓሳን የወል ሳር መሬት ያየ ሰው ይህ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ሰው ሳሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ በስምምነት ከፍቶ፣ ለቤት ክዳንና ለድርቅ ጊዜ መኖ ሲያውለው ኖሯል። የእኛ ዳገት ትንሽ ነው፣ መተዳደሪያው ግን ያው ነው፦ መቼ ተዘጋ፣ መቼ ተከፈተ፣ ያጠፋ ምን ይክፈል።

ቅንጬ አረምን ሳያብብ ከነሥሩ ንቀሉ። አንድ እግር በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ፤ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ላለበት ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። ላም ከበላችው ወተቱ ይመራል፤ ገበሬን ለማሳመን ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

የተራቆተ ቁራጭ ካለ ችግኝ ጣቢያ አያስፈልግም። አጠገቡ ካለው ጤነኛ ቦታ ዘር የያዘውን ሳር ልክ ሲደርስ እጨዱና ያኔውኑ አምጥታችሁ ስስ አድርጋችሁ በትኑት። ዘሩ ይራገፋል፣ ገለባው አፈሩን ከፀሐይ ይሸፍናል። ነፋስ እንዳይወስደው አልፎ አልፎ ድንጋይ ጣሉበት።

10. በዓመቱ ተመለሱ

በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ክፈፍ፣ ከተቻለ በዚያው ሰው ዓይን። የሁለት ሰው ግምት እኩል አይደለም።

ምልክቱ ላይ ሞኝ አትሁኑ። እኛ መጀመሪያ የብረት ችካል ተከልን። በዓመቱ አንድም አልነበረም፤ ቆራሌው ቀድሞናል። አሁን የምናደርገው ትልቅ ሚስማር ሙሉ በሙሉ አፈር ውስጥ መቅበር፣ አጠገቡ የማይገፋ ድንጋይ ላይ ትንሽ ቀለም መቀባት፣ የጂፒኤሱን ቁጥር መጻፍ፣ ከዚያም ከነጥቡ ላይ ቆሞ ወደ አራቱ አቅጣጫ ፎቶ ማንሣት ነው። ጂፒኤሱ ጥቂት ሜትር ይስታል፣ ፎቶው ያስተካክለዋል።

ውጤቱን ለመሬቱ ሰዎች በእነሱ ስሞች አንብቡላቸው። በላቲን ካነበባችሁ አንገታቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። "ስንደዶ አምና በሦስት ክፈፍ ነበር፣ ዘንድሮ በአንድ" ብትሉ ግን ክርክሩ እስከ ማታ ይሄዳል፤ ደብተሩን ክፍት አድርጋችሁ ስሙ፣ ያልያዛችሁት ሁሉ ያኔ ይነገራል።

ደብተሩን ገልብጣችሁ አንዱን ትምህርት ቤት፣ አንዱን ቀበሌ አስቀምጡ። በእስክሪብቶ አትጻፉ። ሐረጎ ላይ ዝናብ ያገኘው ደብተሬ ዛሬም አለ፤ በሰማያዊ የጻፍኩት ሁሉ ፈስሷል፣ እስክሪብቶው ሲያልቅ በእርሳስ የጻፍኩት ግማሽ ገጽ ብቻ ይነበባል።